ጀልባ የሆነው ባርኔጣ

ፓሪስ፣ ጁላይ 4 ቀን 1909

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጎኔሪ፤ አፉ ከድንኳኑ ለሚሰፋው፤

ደህና ነኝ። አላገባሁም። ማንም አላስቀየመኝም። የላክሃቸው ፖስት ካርዶች ሁሉ የሚጠይቁት ይህንኑ ስለሆነ አንድ ላይ መለስኩልህ። ከፋሲካ ወዲህ አንዲት መስመር ሳልጽፍልህ መቅረቴ ግን ነውር ነው፤ ይቅር በለኝ። ምክንያት ነበረኝ። ምክንያቴን ስትሰማ "በቃ፣ ይቺ ልጅ ለይቶላታል" ማለትህ አይቀርም። ቢሆንም ልናገረው፤ ካልነገርኩህ እፈነዳለሁ።

ሲኒማ እየሠራሁ ነው! ሌላ ሰው በሠራው ሲኒማ ላይ ቀለም መቀባት አይደለም የምልህ። የራሴን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእጄ የሣልኩትን!

የቀለም አዳራሻችንን ታውቀዋለህ፤ ባለፈው ስትመጣ በበሩ አጮልቀህ "የሴት መነኮሳት ገዳም ነው እንዴ?" ያልከውን። ዛሬም እንደዚያው ነው። ቀኑን ሙሉ አንገታችንን ደፍተን፣ በማጉያ መነጽር፣ ከጥፍር በማትበልጥ የፊልም ሥዕል ላይ የንግሥቲቱን ቀሚስ ቀይ፣ የሰይጣኑን ጭራ አረንጓዴ እንቀባለን። ቀጥሎ ደግሞ ያችኑ ንግሥትና ያንኑ ሰይጣን፤ ቀጥሎም እነሱኑ። በኤፕሪል አንድ ቀን ሰለቸኝና በቁራጭ ወረቀት ላይ አንድ ሰውዬ ሣልኩ፤ ክብ ጭንቅላት፣ ጥቂት መስመሮች፣ አንድ ባርኔጣ። በሌላ ወረቀት ደገምኩት፤ ባርኔጣውን ትንሽ ከፍ አድርጌ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ወረቀቶቹን ደርቤ በአውራ ጣቴ ፈጠን ፈጠን አድርጌ ስገልጣቸው ሰውዬው ባርኔጣውን አንስቶ ሰላም አለኝ! ጮኼ ከወንበሬ ተነሣሁ፤ ከጎኔ ያለችው ልጅ አይጥ ያየሁ መስሏት እሷም ጮኸች።

ባዚልን ነገርኩት፤ ሽማግሌው ካሜራ አንሺያችንን። ተዋናዮቹ ለምሳ ሲወጡ ካሜራው ሥራ ይፈታል፤ እነሱ ደግሞ ምሳ ሲበሉ ሠርግ ቤት የገቡ ነው የሚመስሉት። ያን ጊዜ ባዚል ካሜራውን ወደ ጠረጴዛዬ ዝቅ አድርጎ ያዞርልኛል። አንድ ሥዕል አስቀምጣለሁ፣ በካሜራው አንዴ ያነሣዋል፤ ወረቀቱን አንስቼ ሌላ አስቀምጣለሁ፣ አንዴ ያነሣል። በነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም የሣልኩትን ፊልሙ ገልብጦ በጥቁር ላይ ነጭ ያደርገዋል፤ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ የተሣለ ይመስላል። የሰውዬው ባርኔጣ ጀልባ ይሆናል። ጀልባው ሌላ ነገር ይሆናል፤ ያም ሌላ። በሆነበት የሚቀር ነገር የለም።

አለቃችን ሙሴ ግራንቫል ያውቃል። "ጨርሺና አሳዪኝ" አለኝ። "ከሆነ በመስኮቱ በኩል ያለው የሥዕል ጠረጴዛ ያንቺ ነው። ካልሆነ ወደ ብሩሽሽ ትመለሻለሽ፤ ዳግመኛም ይህን ጉዳይ እንዳታነሺብኝ።" ጎኔሪ፣ ወደዚያ አዳራሽ መመለስ አልፈልግም። ሰውዬዬ ባርኔጣውን ካነሣልኝ ቀን ጀምሮ የንግሥቲቱን ቀሚስ ባየሁ ቁጥር ልቅሶ ልቅሶ ይለኛል።

ምን ከምን እንደሚቀድም አልነግርህም፤ ሳታውቅ እንድታየው ነው የምፈልገው። ድንኳኑስ፣ ፈረሱስ፣ ሥራውስ እንዴት ነው? ስዋዚክን ሳምልኝ።

እህትህ አዜኖር

*

ኮንካርኖ፣ ጁላይ 11 ቀን 1909

ለአዜኖር፣ ለፓሪሷ እመቤት፤

እንዳልሽው አልኩ። "ይቺ ልጅ ለይቶላታል" አልኩ። ስዋዚክ ግን ደብዳቤውን ከእጄ ነጥቃ ደግማ አነበበችውና "ያበደስ አንተ ነህ፤ ልጅቷ ሰው ፈጥራለች" አለችኝ። ሚስቴ መቼም ባንቺ ነገር ፈራጅ ናት።

ድንኳኑን ጠይቀሽኛል፤ ቆሟል። ፈረሱን ጠይቀሽኛል፤ እሱም ቆሟል፤ ሂድ ስንለውም ይቆማል። ሥራው እንዴት ነው ላልሽኝ፣ እንደ ድሮው ነው፤ ስዋዚክ የማሳያውን እጀታ ታዞራለች፣ እኔ ሸራው አጠገብ ቆሜ እለፈልፋለሁ። በየገበያው፣ በየንግሡ። ዋናተኛው ከድልድይ ላይ ሲዘል የሚያሳየውን ፊልም ታስታውሻለሽ? እስካሁን እሱው ነው የሚያበላን። ዘሎ ከገባ በኋላ ስዋዚክ እጀታውን ወደ ኋላ ስታዞረው ሰውዬው ከወንዙ በእግሩ ተወርውሮ ይወጣና ድልድዩ ላይ ደርቆ ይቆማል። ሕዝቡ በዚህ ነገር አይጠግብም።

አሁን ቁም ነገሩን ልጠይቅሽ። እኔ ምን ልበል? ሥዕል ዝም ይላል፣ ጎኔሪ ይናገራል፤ እንጀራዬ ይኼ ነው። ገበሬው ፈረንሳይኛ አይሰማ፣ ንግሥቲቱ ለምን እንደምታለቅስ በአገራችን ቋንቋ በብሬቶን እነግረዋለሁ፤ ያለቅስልኛል። ያንቺ ባርኔጣ ግን ለምን ጀልባ ሆነ? ሚስቱ ከቤት አባራው ነው? ንፋስ ነው? ጠንቋይ ነው? አንድ ምክንያት ስጪኝና ስለሱ እስኪመሽ አወራለሁ። "እንዲሁ ሆነ" ብዬ ለዓሣ አጥማጅ ብነግረው በጫማው ነው የሚያባርረኝ።

ስለ ራስሽ የማትጽፊው ነገር እንዳለ ይሸተኛል። አፍንጫዬን ታውቂዋለሽ።

ወንድምሽ ጎኔሪ

*

ፓሪስ፣ ኦገስት 8 ቀን 1909

ወንድም ዓለም፤

አፍንጫህ ይርገፍ፤ አዎ፣ የደበቅኩህ ነገር አለ። ሙሴ ግራንቫል ሥዕሌን ካየ ሰነበተ። ያልጻፍኩልህ የምጽፈው ቃል ስላጣሁ ነው።

አልሳቀም። ፒፓውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ተቀመጠ፣ አየ፣ መብራቱ በራ። "ታሪኩስ?" አለኝ።

"የለውም" አልኩት።

"ተዋናይስ?"

"እሱም የለውም።"

"ታዲያ ይህ የማን ነው? ማን ነው አይቶ የሚስቅበት?" ሌላም ያልወደደው ነገር አለ፤ እሱን ግን አሁን አልጽፍልህም። ተናድጄ፣ ጎኔሪ፣ ምን እንደነካኝ ሳላውቅ "ወንድሜ ድንኳን አለው! የወንድሜ ሰዎች ይስቁበታል!" አልኩት። ባዚል ከኋላ ጉሮሮውን ጠረገ። ሙሴ ግራንቫል አሰበና "መልካም" አለ። "ከፍሎ የገባ፣ ካልጣመውም ማፏጨት የሚችል ሕዝብ ይየው። ወንድምሽ ግን ወንድምሽ ነው፤ የሱን ወሬ አልቀበልም። ዘመድ ያልሆነ፣ የተከበረ ሰው ያየውን ይጻፍልኝ።" የክረምቱ፣ የብርዱ ወራት ሲኒማ የሚመረጠው በሴፕቴምበር አጋማሽ ነው። ከዚያ በፊት ካልመጣ በሩ ተዘጋ። ብሩሼ እስካሁን አዳራሹ ውስጥ፣ ወንበሬ ላይ ነው፤ ሳልፍ ያየኛል።

የፊልሙን ጥቅል በባቡር ልኬልሃለሁ። እባክህ ልክ እንደ ሕፃን ያዙት፤ ሌላ የለኝም። ምን በል ላልከኝ፣ ያየኸውን በል። ምክንያት አትፈልግለት፤ እኔም ስሥለው አልነበረኝም፤ ደስ ስላለኝ ነው። እውነቱን ጻፍልኝ። ካፏጩም አፏጩ በለኝ። እህቴ ናት ብለህ ብታባብለኝ ግን ይቅር አልልህም።

አዜኖር

*

ከቅድስት አና ንግሥ፣ ኦገስት 30 ቀን 1909

አዜኖር! አዜኖር! አዜኖር!

ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረው ቢመስል አትፍረጂ። ቀርፈፍ ማለቴንም ይቅር በይ፤ ጥቅሉን ከተቀበልኩ ወዲህ ያላሳየሁት ታላቁን ንግሥ ስጠብቅ ነው። ለእህቴ ሥዕል የገበያ ተራ ሕዝብ አይበቃም ብዬ።

ትላንት በንግሡ የቅድስቲቱ ምስል ሲዞር፣ ዝናቡ ወረደ። እንዲህ ያለ ዝናብ አባባ በባሕር ላይ ካወራልን በቀር ሰምቼ አላውቅም። ሰንደቁ፣ መዘምራኑ፣ ዳንቴል ቆብ ያደረጉት ሴቶች፣ ሁሉም የት ይግባ? የጎኔሪ ድንኳን ውስጥ! እኔ ውጭ ቆሜ ገና "ኑ፣ እዩ" ሳልል ድንኳኑ ሞልቷል። ከፊት ወንበር ላይ ደግሞ ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? አባ ኬርመል! ጠዋት በስብከታቸው ድንኳኔን "የዲያብሎስ ፋኖስ" ያሉት እሳቸው! ከልብሳቸው ውሃ እየተንጠባጠበ "የገባሁት ለዝናቡ ነው" አሉኝ። "ዝናቡን የሚያመጣው ማን እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ አባቴ" አልኳቸው።

ስዋዚክ መብራቱን አበራች፣ ማዞር ጀመረች። ጨለማ። ከሩቅ አንዲት ነጥብ። ነጥቧ እየቀረበች ፈረስና ጋላቢ ሆነች። አፌ ራሱን ችሎ ሄደ! "ይኸውላችሁ፣ ከፓሪስ ወደ አገሩ የተመለሰ የኛ ልጅ!" አልኩ። ፈረሱ ማበጥ ጀመረ፤ ዝሆን ሆነ። "የፓሪስ ገለባ ነዋ! እንዲህ ያወፍራል!" ሳቁ ድንኳኑን አነሣው። ዝሆኑ ኩምቢውን ሽቅብ ዘረጋ፤ የደወል ቤት ሆነ። "አባታችን፣ ይኸው ደብርዎ!" የደወሉ ቤት ወገቡ ቀጠነና ረጅም ቆብ ያደረገች የኛ አገር ሴትዮ ሆነ፤ እውነቴን ነው፣ ሴቱ ሁሉ ጮኾ እጁን ወደ ራሱ ሰደደ፤ የራሳቸው ቆብ ደወል መደወል የጀመረ ይመስል! አንዷ "እኔን ነው! እኔን ነው የሣሉት!" ስትል ባልዋ "አንቺማ ዝሆኑ ነሽ" ብሏት ጃንጥላ ቀመሰ። ሴትዮዋ አፏን ስትከፍት ሰርዲን ሆነች፤ ሰርዲኑ ጀልባ ሆነ፤ ጀልባው ተገልብጦ ባርኔጣ ሆነ። አንቺ ባርኔጣው ጀልባ ይሆናል ብለሽኝ ነበር፤ ለውጠሽዋል ማለት ነው፣ ደግ አደረግሽ። ባርኔጣው ትንሹ ሰውዬ ራስ ላይ አረፈ፤ ሰውዬውም አንስቶ ሰላም አለን። አዜኖር፣ ወንዱ ሁሉ ባርኔጣውን አንስቶ ሰላምታውን መለሰለት! ለመስመር! በጠመኔ ለተጫረ መስመር!

ከዚያ እጅ መጣች። ሰውዬውን ከእግሩ ጀምራ መስመር በመስመር ወደ ብዕሯ ሰበሰበችው፤ በመጨረሻ ባዶ ጨለማ። ዝም አለ ድንኳኑ፤ ዝናቡ ብቻ ይሰማል። ያን ጊዜ ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ አትጠይቂኝ። ከዚያ ጭብጨባው! አባ ኬርመል ተነሥተው ወደኔ ዞሩ። መጣብኝ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ድገመው" አሉኝ።

ከደገምነው በኋላ የተከበረ ምስክር እንደምንፈልግ ነገርኳቸው፤ በርሜል ላይ ወረቀት ዘርግተው እዚያው ጻፉ። ደብዳቤያቸው አንቺ ዘንድ አልመጣም፤ ቀጥታ ለሙሴ ግራንቫልሽ በዛሬው ፖስታ ልኬዋለሁ። መስኮቱን ክፈቺው፣ ጠረጴዛሽን ጥረጊው!

በደስታ የሰከረው (የፖም ጠጁም አለበት) ወንድምሽ

*

ፓሪስ፣ ሴፕቴምበር 2 ቀን 1909

አንተ እብድ! አንተ ከእብድም እብድ!

ወደ ኋላ ነው ያሳየኸው!

ደብዳቤህን ቆሜ አነበብኩ፣ ተቀምጬ አነበብኩ፣ ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጬ ሳቅኩ፣ ከዚያ ሆዴ ባባ። የኔ ሥዕል የሚጀምረው ከእጅ ነው! እጅ ትመጣለች፣ ሰውዬውን ትሥለዋለች፣ ባርኔጣውን ያነሣል፤ ባርኔጣው ጀልባ፣ ጀልባው ሰርዲን፣ ሰርዲኑ ሴትዮዋ፣ ሴትዮዋ የደወል ቤት፣ የደወል ቤቱ ዝሆን፣ ዝሆኑ ፈረስ ይሆናል፤ ሰውዬው ጋልቦ ይሄድና ነጥብ ሆኖ ይጠፋል። አንተ ግን የሄደውን ሰው መለስከው! እንዴት አላወቅክም? ኧረ እንዴትስ ታውቅ ነበር። ሰው ቢሆን ወደ ኋላ ሲራመድ ይታወቅ ነበር፤ ዝሆን ፈረስ ቢሆን ወይ ፈረስ ዝሆን ቢሆን የቱ ወደ ፊት እንደሆነ ማን ያውቃል? እኔ ነኝ ምን ከምን እንደሚቀድም ያልነገርኩህ። ቢሆንም አንተ ነህ እብዱ።

ዛሬ ጠዋት ሙሴ ግራንቫል አስጠራኝ። የአባ ኬርመል ደብዳቤ በእጁ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበልኝ፦ "በዚያ ድንኳን ብዙ ከንቱ ነገር አይቻለሁ፤ ይህ ግን ከንቱ አይደለም። ሕዝቤ እስኪደክመው ሳቀ፤ በመጨረሻ የሠራችው እጅ የሠራችውን መልሳ ስትሰበስብ ግን ከስብከቴ ይልቅ ዝም አለ። ሥራ የምታውቅ እጅ ናት።" ከዚያ መነጽሩን አወለቀና "እጅ በመጨረሻ? እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ይህን መጨረሻ ደብቀሽኛል?" አለኝ።

"ስህተት ነው" ብዬ ብመልስ ምስክርነቱ የሌላ ሥዕል ምስክርነት ይሆናል፤ ብሩሼም እዚያው ወንበሬ ላይ ነው። "አዎ" ብል መዋሸቴ ነው። "የፊታችን ሐሙስ ላሳይዎት" አልኩና ሮጥኩ።

አሁን እርዳኝ። እሑድ ልክ እንደሣልኩት፣ እጅን አስቀድመህ አሳየው። ከዚያ በወንድምነት ሳይሆን በምስክርነት ጻፍልኝ፤ የቱ ነው የሚሻለው? ያንተን መልስ ይዤ ነው ሐሙስ የምገባው። ስዋዚክንም ጠይቃት፤ እጀታው በማን እጅ እንደነበር አልረሳሁም።

አዜኖር

*

ሻቶላን፣ ሴፕቴምበር 6 ቀን 1909

እህት ዓለም፤

እኔ? ወደ ኋላ? እኔ ጎኔሪ፣ በዚህ ሥራ ፀጉሬ የሸበተ? ደብዳቤሽን ሳነብ ጆሮዬ ቀላ። እንዲህማ አይባልም ብዬ ወደ ሚስቴ ሄድኩ። ድንች ትልጥ ነበር።

"ስዋዚክ፣ አዜኖር ፊልሙን ወደ ኋላ አሳያችሁት ትላለች። ሰማሽ ጉድ?"

"አዎ" አለችኝ፤ ድንቿን ሳታስቀምጥ።

"ምን አዎ?"

"ወደ ኋላ ነበር።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ስዋዚክ አዲስ ፊልም የተቀደደ ቦታ እንዳይኖረው ጠዋት መብራት ሳታበራ እስከ መጨረሻው አዙራ በጣቷ ትፈትሸዋለች። የዚያን ቀን ጠዋትም ፈትሻው ነበር፤ ወደ መጀመሪያው ልትመልሰው ስትል ዝናቡ ሕዝቡን አስገባው። መብራቱን ስታበራ ፊልሙ መጨረሻው ላይ ነው። "አንዴ ወደ ኋላ መልሼ ከዚያ እጀምራለሁ ብዬ ማዞር ስጀምር ሸራው ላይ መታየት ጀመረ" አለችኝ። "አንተ ደግሞ 'ከፓሪስ የተመለሰ ልጅ' ብለህ ጀምረሃል። ሰው ይስቃል። አንተን አስቁሞ የሚያውቅ አለ? አዞርኩ። አባ 'ድገመው' ሲሉም መብራቱን አጥፍቼ ወደ መጨረሻው መለስኩትና ያንኑ ደገምኩ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ደስ ብሎህ ነበራ!"

እሺ፣ ይቅርታ አድርጊልን፤ እኔን ስላላወቅኩ፣ እሷን ስላወቀች።

ጥቅሉን ለሐሙስ እንዲደርስልሽ በዛሬው ባቡር መልሼዋለሁ፤ አሁን ምስክርነቴን ስሚ። እዚህ ሻቶላን ትላንት እንዳልሽው አሳየሁት፤ እጅ ቀደመች፣ ሰውዬው ጋልቦ ሄደ። ሳቁ። ደህና አድርገው ሳቁ፤ ማንም አላፏጨም። ሲያልቅ ግን አንድ ሥጋ ሻጭ "ቀጥሎስ ምን አለ?" አለኝና ዋናተኛውን አሳየኋቸው። ከዚያ ስዋዚክን በዓይኔ ጠቀስኳትና ያንቺን መልሰን ወደ ኋላ አዞርነው። ያው ሥጋ ሻጭ ሁሉም ከወጣ በኋላ ወንበሩ ላይ ቀርቶ "ሰውዬው የት ገባ?" አለኝ። "እኔ እንጃ" አልኩት። "መልሰው እንጂ" አለኝ፤ እንደ ተቆጣ ሰው። አዜኖር፣ ወደ ፊት ሲሄድ ሰው ይስቃል። ወደ ኋላ ሲሄድ ይስቃል፣ ከዚያ ሰውዬው ይናፍቀዋል። በወንድምነት አይደለም የምልሽ። ወንድምሽ ብቻ ብሆን ያንቺ ይሻላል እልሽ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ፤ ባለፈው ያለፍኩት። ያችን እጅ አወቅኳት። ገና ጥፍሯ ብቅ ስትል። በሰርዲን ዓሣ ማሸጊያው ቤት እናታችን ጎን ቆመሽ ስትሠሪ ቢላዋው የሰነጠቀው የአውራ ጣት ጥፍር፤ ዳግመኛ ቀጥ ብሎ ያልበቀለው። በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ቤት ያዘልኩሽ እኔ ነኝ፤ መንገዱን ሙሉ "ሰማዩን ተመልከቺ" እያልኩ። ያ ጥፍር ድንኳኔን ሙሉ የሚያህል ሆኖ፣ አገር ሁሉ ባርኔጣውን አንስቶለት፣ በሸራዬ ላይ አየሁት። ሌላውን አልጽፍም።

ወንድምሽ ጎኔሪ

አዜኖር፣ ይህን ያከልኩት እኔ ስዋዚክ ነኝ፤ እሱ ፈረሱን ሊያጠጣ ሄዷል። ምን እንዳልኩ አላስታውስም ያለሽ ውሸቱን ነው። እጅሽ ስትመጣ ምንም አላለም። አፉን ከፍቶ ቆመ፣ ድምፅ አልወጣም። እሱን ካገባሁ ወዲህ ዝም ሲል ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እጀታውን ያላቆምኩት ለሱም ጭምር ነው።

*

ፓሪስ፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1909

ለጎኔሪና ለስዋዚክ፣ ለአፉም ለእጁም፤

ሆኗል! ሆኗል! ከመጀመሪያው ልንገራችሁ ብዬ ነበር፤ ብዕሬ አልታዘዝ አለኝ። ሆኗል!

ሐሙስ ዕለት ደብዳቤያችሁን ኪሴ ውስጥ አድርጌ ገባሁ። ባዚልን "ወደ ኋላ አዙርልኝ" አልኩት። "ልጄ፣ ታመሻል?" አለኝ፤ ግን አዞረ። ሙሴ ግራንቫል ፒፓውን እንደያዘ ተቀመጠ። ነጥቧ መጣች፣ ፈረሱ፣ ዝሆኑ። የሚናገርለት ጎኔሪ የለም፤ ማሽኑ ብቻ ይንጫጫል። ሴትዮዋ ሰርዲን ስትሆን ከአፍንጫው አንድ ነገር ወጣ፤ ሳቅ ይሁን ጉንፋን አላወቅኩም። ሰውዬዬ ባርኔጣውን ሲያነሣ ግን የሙሴ ግራንቫል እጅ ወደ ራሱ ባርኔጣ ሄደች። በዓይኔ በብረቱ አየሁ! ጫፉን ነክታ፣ አፍራ ተመለሰች። ከዚያ እጄ መጥታ ሰውዬውን ሰበሰበችው።

መብራቱ በራ። "እንደገና" አለ።

ከዳግመኛው በኋላ "ይህን መጨረሻ ያሰበው ማነው?" ሲል ጠየቀኝ። መዋሸት እችል ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። "የወንድሜ ሚስት ናት" አልኩት፤ "ዝናብ ስለነበር።" ሁሉንም ነገርኩት፤ ፍተሻውን፣ እጀታውን፣ ድንቹን። ሳቀ ጎኔሪ! ፒፓው ከአፉ ወደቀ!

"ጠረጴዛው ያንቺ ነው" አለ። "አንድ ነገር ብቻ እንለውጣለን።" ያን ጊዜ ነው ያልጻፍኩላችሁ ነገር የመጣው፤ መጀመሪያም ያልወደደው እሱን ነበር። "እጇን። ጥፍሯ የተሰነጠቀ የሠራተኛ ሴት እጅ ናት። ነጭ እጅጌ ያለው የወንድ እጅ እናድርግበት፤ ሰው የሠዓሊ እጅ ነው ይበል።"

ጠረጴዛው እዚያው ፊቴ ነው፤ ፀሐይ አርፎበታል። እሺ ብል ምን ነበረበት? ሰውዬው ያው ነው፣ ዝሆኑ ያው ነው። ግን ያንተ ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ነበር። "እሷ ከወጣች እኔም ወደ ብሩሼ እመለሳለሁ" አልኩት። ባዚል ከኋላ ተገርሞ አፏጨ። ሙሴ ግራንቫል የአባ ኬርመልን ደብዳቤ ከመሳቢያው አወጣ፤ መነጽሩን አደረገ፤ አነበበ፤ ጣቱ አንድ ቦታ ላይ ቆመች። "ሥራ የምታውቅ እጅ" አለ ለራሱ። አጠፈው። "ትቆይ።"

ለክረምቱ ተመርጧል። ባዚል አዲስ ፊልም አውጥቶለት እጅ በመጨረሻ እንድትመጣ አድርጎ ሠርቶታል፤ ከእንግዲህ ስዋዚክ ወደ ኋላ ማዞር አያስፈልጋትም። ለአባ ኬርመል ንገርልኝ፤ የዲያብሎስ ፋኖስ እግዜር ይስጥልን ይላል። ብሩሼን ዛሬ ከወንበሬ ላይ አንስቼ ከጎኔ ላለችው ልጅ ሰጠኋት፤ እሷም ወረቀት ደርባ በጣቷ መግለጥ ጀምራለች።

ይህን የምጽፍላችሁ በመስኮቱ አጠገብ ሆኜ ነው። ቀጣዩ ምንድነው እንዳትለኝ፣ ጀምሬዋለሁ። የአንድ ሰውዬ ትልቅ አፍ ነው፤ የማን እንደሆነ ታውቀዋለህ። አፉ ይከፈታል፣ ከውስጡ ድንኳን ይወጣል፤ ድንኳኑ ፈረስ ይሆናል፣ ፈረሱ ቄስ፣ ቄሱ ጃንጥላ፣ ጃንጥላው ዝናብ፣ ዝናቡ ድንች። ማለቂያ የለውም፤ አፉም አይዘጋም። በመጨረሻ የተሰነጠቀ ጥፍር ያላት እጅ ትመጣለች። ወደ ፊት ካዞራችሁት አፍህን ቀስ አድርጋ ትዘጋልሃለች፤ ወደ ኋላ ካዞራችሁት ትከፍትልሃለች። ምርጫው የስዋዚክ ነው።

አዜኖር